አራሷ ጡጦ ብትይዝ ፍርድ አይቅደም

አፉላ ውስጥ አራስ ሊጠይቁ የሚገቡ እናቶች ቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ወተቷ መጣላት ወይ?» ጡጦ ካዩ ፊታቸው ይለወጣል። አራሷ ከዓመታት በፊት ጡቷን በኦፕራሲዮን ማስቀነሷ ከተሰማ ደግሞ ወሬው ይብሳል፤ «ለውበት ብላ ልጇን አስራበች» ይባላል። ይህ ፍርድ ስህተት ነው፤ ሕፃኑንም ሊጎዳ ይችላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ ጡት የሚቀነሰው ለውበት ብቻ አይደለም። ከመጠን በላይ የከበደ ጡት ጀርባና አንገት ያሳምማል፤ የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻን ይቆርጣል፤ ከጡት ሥር ያለው ቆዳ በላብ ይቆስላል። ይህን ተሸክማ የኖረች ልጅ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ነውር የለበትም።

ኦፕራሲዮን ማለትም ወተት ፈጽሞ ይነጥፋል ማለት አይደለም። ነገሩ በአሠራሩ ይወሰናል። የጡቱ ጫፍ ከሥሩ ካለው የወተት ዕጢ ጋር እንደተያያዘ ከተሠራ ብዙ ሴቶች ያጠባሉ፤ አንዳንዶቹ በሙሉ፣ አንዳንዶቹ በከፊል። ጫፉ ፈጽሞ ተቆርጦ እንደገና ከተተከለ ግን የወተቱ መተላለፊያ ይቆረጣል፤ ማጥባት እጅግ ያስቸግራል። ልጁ ሲጠባ ወተቱ እንዲወርድ ለአንጎል የሚያስታውቀው ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ምን ያህል ወተት እንደሚኖር አስቀድሞ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ሐኪም የለም።

ሽማግሌዎች የእናት ጡትን ማክበራቸው ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። ነገር ግን ወተቱ የማይበቃ ሲሆን «ጡት ብቻ ስጪው፣ ይመጣል» እያሉ ማስጨነቅ አደገኛ ነው። እናቲቱ አፍራ ጡጦውን ብትተው ልጁ ይራባል፣ ውኃም ያጥረዋል። ከ5ኛው ቀን በኋላ ሕፃን በቀን ቢያንስ 6 ዳይፐር በሽንት ማርጠብ አለበት፤ ብዙውን ጊዜም በ2 ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት ይመልሳል። ይህ ካልታየ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ክብደቱን ጢፓት ሀላብ ይመዝኑታል፤ ስሙም «የወተት ጠብታ» ማለት ነው። ከእናት የሚገኘው ጥቂትም ቢሆን ይጠቅማል፤ የጎደለው በዱቄት ወተት ይሞላል።

ምክር የሚያስፈልገው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው። ልጅቱ ገና ያልወለደች ከሆነች እናቷ ወይም አያቷ አብረዋት ሄደው ይጠይቁ፦ ጫፉ ከዕጢው ይለያል ወይ? ወልዳ አጥብታ እስክትጨርስ መቆየት ይቻላል ወይ? ሐኪሞችም ሳይጠየቁ ይህን ማስረዳት ግዴታቸው ነው፤ አማርኛ ብቻ ለሚሰሙ ወላጆች በአማርኛ።

በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል አራሷን ወንድ ስትወልድ 40፣ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ለይተው ያቆዩ ነበር። በዚያ ጊዜ ምግቧን የሚያደርሱላት ሌሎች ነበሩ፤ አራስ ትታገዛለች እንጂ አትመረመርም። ያ ደግነት በአፉላ ፎቅ ቤትም ሊኖር ይገባል። አራስ ጠያቂ እናት ጡጦ ስታይ «ለምን?» ከማለት «አምጪው፣ እኔ ላጥባው፤ አንቺ ትንሽ ተኚ» ብትል ልጁም እናቱም ይድናሉ።