ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ቤት ግብርና ስለ ከተማ ጥበቃ

በዋድላ ደጋ የምትገኘው ኮን፣ ኑሮዋ ከመንገዱና ከገበያው ጋር የተያያዘ ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የደጋ ከተሞች ሁሉ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆመው፣ በጭቃ ተመርገው፣ በቆርቆሮ ተከድነው ጎን ለጎን ለተሠሩ ሱቆች፣ በአንዱ ቤት የተነሣ እሳት የሁሉም እሳት ነው። በሌሊት የሚሰበር መቆለፊያም የጎረቤትን እንቅልፍ ይነሣል። እንግዲህ ጥያቄው ጥበቃ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም አይደለም፤ ወጪውን ማን ይቻለው፣ በምንስ ሥርዐት ይከፈል የሚለው ነው።

የቤት ግብር ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ተደንግጎ ነበር። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። በዚህም በከተማ ቦታ የመጠቀም መብት ላይ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ በሕንፃ ላይ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ዓመታዊ ግብር ተፈቅዷል። ለግብር የተያዘው ዋጋ 500,000 ብር የሆነ ሕንፃ በታችኛው ልክ 500 ብር፣ በላይኛው 5,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ለአነስተኛ ነጋዴ ቀላል አይደለም።

ነጋዴው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ጋሸና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ግንባር ሆና ከሰነበተች በኋላ፣ በዚያ አካባቢ ሱቁን እንደ ገና ያቋቋመ ሰው እያንዳንዱን ብር ቈጥሮ ያወጣል። ይሁን እንጂ ግብሩ ቢቀር ወጪው አይቀርም። በየጊዜው በሚሰበሰብ መዋጮ የሚከፍለው ፈቃደኛው ብቻ ነው፤ እምቢተኛው ግን ሳይከፍል ይጠበቃል። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ሁሉም እንደ ንብረቱ መጠን ቢያዋጣ የተሻለ ፍርድ ነው።

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ በሕግ ከተወሰነው ልክ ያለፈ የንብረት ግብር ያለ ነዋሪው ድምፅ አይጣልም። ለእሳት አደጋ መከላከያ ወይም ለፖሊስ ግብር ሲጠየቅ፣ ዓላማው፣ መጠኑና የሚጸናበት ዘመን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀርባል። ነዋሪው የሚገዛውን ዕቃ አይቶ ዋጋውን ይከፍላል፤ ይህም ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው የገበያ ሕግ ነው።

እንዲህ ያለው የድምፅ ልማድ በኢትዮጵያ ባይኖርም፣ መንፈሱን መያዝ አያዳግትም። የኮን ማዘጋጃ ቤት ግብሩን በታችኛው ልክ ቢጀምር፤ ከገቢው ለእሳት መከላከያና ለሌሊት ዘብ የሚውለውን ድርሻ አስቀድሞ ለይቶ በልዩ ሒሳብ ቢያስቀምጥ፤ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የመንገድ መብራቱና የዘበኞቹ ደመወዝ ስንት እንደ ፈጀ በየሦስት ወሩ በአደባባይ ቢለጥፍ፣ ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ያያል። ነጋዴዎችም በበኩላቸው የቤታቸውን ዋጋ ሳይደብቁ ማስመዝገብና በስብሰባው ተገኝተው ሒሳቡን መጠየቅ ይገባቸዋል።

ሒሳብ የሌለው ግብር ቅሬታን ይወልዳል፤ ግብር የሌለው ጥበቃም በወረቀት ላይ ይቀራል። ሁለቱን ለማስማማት የሚሻለው ጊዜ ደግሞ ቆርቆሮው ከመጋሉ በፊት ነው።