ፎቶግራፍ ማስረጃ በነበረበት ዘመን፦ ከስፒድረን የማረጋገጫ ልማድ ለማስተርስ ጥናቶቻችን

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ወደ አንድ ጌም ቤት ጎራ ያለ ሰው ወጣቶች በጨዋታ ወይም በሰዓት እየከፈሉ የእግር ኳስ ጌም ሲጋጠሙ ያገኛል። በ2018 የወጣው ፊፋ 19 ለእነዚህ ተጫዋቾች አንድ ብልሃት ጨምሮላቸው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመምቻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ የተጫነ ሰው የተጫዋቹ እግር ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ደግሞ ቢጫን ምቱ ያምርለታል፤ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ይበላሽበታል።

ይህን መሰሉን የቅጽበት ዕውቀት እስከ ጥጉ የወሰደው ስፒድረን የተባለው ልማድ ሲሆን፣ ትርጉሙም አንድን ጌም በተቻለ መጠን ባጠረ ጊዜ መጨረስ ነው። ጥበቡ በአንድ በኩል ለየብቻ የተሰጡ ችሎታዎችን ማጣመርን ይጠይቃል። በ1994 በወጣው ሱፐር ሜትሮይድ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ መሮጥም ወደ ትንሽ ኳስነት ተለውጣ መንከባለልም ትችላለች፤ ኳስ ስትሆን ግን ፍጥነቷ ይቀንሳል። ሮጣ ዘልላ፣ መሬት ስትነካ በትክክለኛዋ ቅጽበት ከተለወጠች የሩጫዋ ፍጥነት አብሯት ይቀጥላል፤ ገና ጊዜዋ ሳይደርስ ልታልፍባቸው ያልታሰቡ በሮችንም ሳይዘጉባት ትሾልካለች። በሌላ በኩል ጊዜን በፍሬም መቁጠርን ይጠይቃል። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ጌም አንዲት ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ናት። በ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሻገር የሚቻለው በየ21 ፍሬሙ፣ ማለትም በየ0.35 ሰከንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ያነሰ ቁጠባ ብዙ ጊዜ ከንቱ ይቀራል። የዘርፉ ሰዎች ይህን ሰዓቱን ጠብቆ በሚነሣ አውቶቡስ ይመስሉታል፤ ከመናኸሪያ ሰው ሲሞላ በሚነሣ ሚኒባስ ለምንጓዝ ሰዎች ግን ምሳሌው እምብዛም አይረዳንም።

ከብልሃቶቹ ይልቅ ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚጠቅመው የማስረጃቸው ጉዳይ ነው። አክቲቪዥን በ1980 ለአታሪ 2600 ያወጣው ድራግስተር የተባለ የመኪና ጌም ፈተናው አጭር ነው፤ ነዳጅ መስጫውንና ፍሪሲዮኑን አቀናጅቶ፣ ማርሽ በወቅቱ እየቀየሩ፣ መኪናውን በጥቂት ሰከንዶች ከመስመሩ ማድረስ። ቶድ ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ በ1982 በ5.51 ሰከንድ ጨረስኩት አለ፤ ኩባንያውም የስክሪኑን ፎቶግራፍ ተቀብሎ አጸደቀለት። ሮጀርስ ምስጢሩ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት እንደሆነ ያስረዳ ነበር። ለ35 ዓመታት ያህል ማንም ሊደግመው አልቻለም። በ2017 ኤሪክ ኮዚየል የተባለ የስፒድረን ተጫዋች የጌሙን ኮድ ፈትቶ ሊኖሩ የሚችሉትን የቁልፍ አጫጫኖች በስሌት ሲፈትሽ ያገኘው ምርጥ ውጤት 5.57 ሆነ። ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ትዊን ጋላክሲስም ክርክሩን መርምሮ በጃንዋሪ 2018 የሮጀርስን ውጤት ሰረዘ። የተከራከሩበት ልዩነት ስድስት መቶኛ ሰከንድ ነበር።

ዛሬ ከፍ ያለ ውጤት ሙሉ ቪዲዮ፣ የመሣሪያው ዓይነትና የጌሙ ስሪት ካልቀረበለት ተቀባይ አያገኝም። የመሣሪያው ዓይነት ቀላል ነገር አይደለም። አገራችን በተከተለችው የፓል ቴሌቪዥን ሥርዓት የተሠራ የቀድሞ ጌም በሰከንድ 50 ፍሬም ስለሚያሳይ አንዲት ፍሬም 20 ሚሊሰከንድ ትሆናለች፤ ስለዚህ በዚህ የተገኘ ሰዓት በጃፓን ወይም በአሜሪካ ስሪት ከተገኘው ጋር እንዲሁ አይነጻጸርም።

በኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎቻችን አንድ የማስተርስ ጥናት በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሠለጠነ ሞዴል አቅርቦ ትክክለኛነቱን በመቶኛ ሲገልጽ፣ ፈታኙ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሰንጠረዡን ብቻ ነው። ሰንጠረዡ የ1982ቱ ፎቶግራፍ ነው። ኮዱ በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ይቀራል፤ መረጃው ለሥልጠናና ለፈተና እንዴት እንደተከፈለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ያንን ቁጥር ለመብለጥ ሲደክም ይከርማል፤ ቁጥሩ ከመነሻው የማይገኝ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው የለም።

ጌም ዝግ ዓለም ነው፣ የጉደር አርሶ አደር ማሳ ወይም የታካሚ ቃለ መጠይቅ ግን እንደገና አይጫወትም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ለእነዚያ ጥናቶች ሌላ መመዘኛ ያስፈልጋል። በኮድ የሚሠራ ጥናት ግን በዚህ ምክንያት መጠለል አይችልም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ኮዱ፣ የመረጃው አከፋፈልና የተሠራበት መሣሪያ ዝርዝር ይግባ። ከዲፌንሱ ቀን በፊትም በጥናቱ ያልተሳተፈ አንድ የክፍሉ ተማሪ ሥራውን በሌላ ኮምፒውተር አስነሥቶ ያገኘው ቁጥር ከባለቤቱ ቁጥር ጎን ይታተም። ሞዴሉን እንደገና ማሠልጠን ከአቅም በላይ ቢሆን እንኳ የሠለጠነውን በፈተናው መረጃ ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ለዚህም መብራት ያልጠፋበት አንድ ከሰዓት ይበቃል።