መጨረሻውን ሳናይ የምንወጣው ለምንድን ነው?

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከታላቅ እህቴ ጋር ቲያትር ገባን። ፖስተሩን ያገኘነው በቴሌግራም ነው፤ የተዋንያኑ ፎቶ፣ የቲኬቱ ዋጋ፣ «ከቀኑ 11፡30» የሚል ሰዓት አለው። ቲያትሩ ያዘን፤ እህቴ እንባዋን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ግን ከምሽቱ 1፡45 ሲሆን ስልኳን ቶሎ ቶሎ ማየት ጀመረች። ከፊታችን የነበሩ ሁለት ልጆች ተነሱ፤ ከኋላ ያለው ቤተሰብም ተከተለ። «በቃ እንውጣ፣ ታክሲ ይጠፋል» አለችኝ። ወጣን። ልጅቷ አባቷን ይቅር ትበለው አትበለው እስካሁን አላውቅም።

ውጪ ስንወጣ የየካ አባዶ ሰልፍ ሕንፃውን ዞሯል። በአፕ ታክሲ ስንጠራ ደግሞ የመጣው ዋጋ ከሁለታችን ቲኬት ይበልጣል።

ኢኮኖሚክስ ስማር ቶሎ የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ የአንድ ነገር ዋጋ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። የቲያትር ዋጋ ቲኬቱ፣ መሄጃው፣ መመለሻው እና «በዚህ ሰዓት ምን አገኛለሁ?» የሚለው ጭንቀት ተደምሮ ነው። ጭንቀቱ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ማታ ብቻዋን ለምትመለስ ሴት በጣም ይከብዳል። ወጣቱ ቲያትር የማይገባው ቲክቶክ ስለበላው ነው ሲባል እሰማለሁ። ብዙዎቻችን ግን የምንፈራው መመለሻውን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቲያትር ቤቶቻችን መሀል ከተማ ናቸው፤ በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ፒያሳ፣ በ1948 የተከፈተው ብሔራዊ ደግሞ ከለገሃር ከፍ ብሎ። እኛ ግን በኮንዶሚኒየም ወደ ዳር ወጥተናል፤ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ። ተመልካቹ ሲርቅ ፖስተሩ ግን ሁላችንም ፒያሳ እንደምንኖር አድርጎ ይጠራናል።

ይህ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ፓርኪንግ የለም» ነው። እውነት ነው፣ የለም። መኪና ያለው ጓደኛዬ ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር መግቢያውን ያጣል፤ እኛ ደግሞ መጨረሻውን እናጣለን። ግን እስቲ እናስላው። አንድ መኪና ለማቆም 2.5 በ5 ሜትር፣ ማለትም 12.5 ካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል። 1,000 ተመልካች አራት አራት ሆኖ እንኳ ቢመጣ 250 መኪና ነው፤ መተላለፊያውን ሳንቆጥር ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ። ይህን መሬት መሀል አዲስ አበባ ላይ ማን በነፃ ይሰጣል? አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ምሁር ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረውም ይህንኑ ነው፤ ነፃ የሚባለውን ፓርኪንግ መኪና የሌለው ሰው ጭምር ይከፍልለታል።

ስለዚህ ከሕንፃ በፊት መረጃ ይቅደም። ይህ ሲሚንቶ አይፈልግም። ለምሳሌ ለብሔራዊ ቲያትር እኔ ልሞክር፦ «በባቡር ለምትመጡ ለገሃር ጣቢያ ውረዱ፤ ጣቢያውን ሁለቱም መስመሮች ይጋሩታል። ከዚያ ወደ ፖስታ ቤት አቅጣጫ በእግር ሽቅብ፤ ትልቁን የድንጋይ አንበሳ ስታዩ ደርሳችኋል።» ይኸው፣ አለቀ። ከፖስተሩ ሥር ይገባል።

ከዚህ ሌላ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚጀምርበት ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበት ሰዓት ይጻፍ፤ ያኔ ወንድም እህቱን፣ አባት ልጁን መቼ እንደሚቀበል ያውቃል። ሁለተኛ፣ ስለ ፓርኪንግ እውነቱ ይነገር፤ የት እንዳለ፣ በሰዓት ስንት እንደሆነ፣ ከሌለም «የለም፣ በታክሲ ኑ» ይባል። ሦስተኛ፣ ቲያትር ቤቶችና የከተማ አውቶቡስ ድርጅቶች ይነጋገሩ። ቅዳሜና እሁድ ማታ ቲያትሩ ሲያልቅ ወደ ሁለት ሦስት አቅጣጫ የሚነሳ አውቶቡስ ቢኖር፣ ታሪፉን በደስታ እንከፍላለን። አውቶቡስ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ቲያትሩን አንድ ሰዓት ቀደም አድርጎ መጀመር ይቻላል።

«ሰዉ የለመደው ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል» የሚል ይኖራል። የለመደውማ ያውቀዋል። ቲያትር ቤት የሚያስፈልገው ግን ገና ያልለመደውን ነው፤ የመጀመሪያ ቀን መጥቶ፣ ማታ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ፣ «ሁለተኛ አልመጣም» ብሎ የሚሄደውን።

ተዋንያኑ ለመጨረሻው ትዕይንት ወራት ይለማመዳሉ። እኛ ደግሞ ልክ እዚያ ስንደርስ ቦርሳችንን አንስተን ጎንበስ ብለን እንወጣለን፤ ለእነሱም ለእኛም ያሳዝናል። እህቴ በቀደም «እንደገና ገብተን መጨረሻውን እንየው» ብላኝ ነበር። እሺ ከማለቴ በፊት የጠየቅኳት «በምን እንመለሳለን?» ብዬ ነው።