አጥፊው ማነው? ስልኩ ወይስ ጫካው?

በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን መቀመጫ የሆነችው መቲ ደን የከበባት ከተማ ናት። ዩኔስኮ የማጃንግን ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መመዝገቡ ይታወሳል። የአካባቢው ቡናና ማር ከዚሁ ደን ይወጣል። ደን ለማርና ለቡና የተመቸውን ያህል ግን ለሬዲዮ ሞገድ አይመችም፤ እርጥብ ቅጠልና ኮረብታ ሞገዱን ያዳክሙታል። ጥያቄው ከዚህ ይነሳል። ከእንዲህ ያለ ቦታ የሚደወል ስልክ ጠባዩ ከሌላው ሲለይ፣ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው ወይስ የመልክዓ ምድሩ?

የኮምፒውተር ምሁራን ይህን ጥያቄ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሲያብላሉት ቆይተዋል። መነሻቸው ታወር ሳያስፈልግ ስልኮች የአንዱን መልዕክት ሌላው እየተቀበለ የሚያሻግርበት የገመድ አልባ ኔትወርክ ነው። አሠራሩ ደቦ ነው ማለት ይቻላል። የሰው መልዕክት ማሻገር ግን ባትሪ ይጨርሳልና፣ በሌላው ጉልበት እየተገለገለ የራሱን የሚቆጥብ አይጠፋም። ሁሉም እንዲህ ካሰበ ደግሞ ኔትወርኩ የለም። የግል ጥቅም ስሌት የጋራውን ጥቅም ሲያፈርስ የሚያጠናው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ (ጌም ቲዎሪ) ወደ ጉዳዩ የገባው በዚህ በር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ መፍትሔ አቀረቡ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ጎረቤቱ የተቀበለውን መልዕክት ማስተላለፉን ያዳምጥ የሚል። ሆኖም ሞገዶች ሲጋጩ ወይም ኃይላቸው ሲደክም አዳማጩ ሊሳሳት እንደሚችል እነርሱው ጽፈዋል። «ለነፈገህ ንፈገው» የሚለው ስልትም ከዚህ አያመልጥም። አንድ መልዕክት በዝናብ ምክንያት ሲጠፋ አንደኛው ይቀጣል፣ ሌላው አጸፋውን ይመልሳል፤ ሁለት ቅን ስልኮች ሲቀጣጡ ይኖራሉ። በኋላ የመጡ ጥናቶች በስልቱ ላይ ይቅርታ የጨመሩበት ለዚህ ነው። ዕድራችንም ቢሆን ከቀብር የቀረውን ይቀጣል እንጂ ታሞ የተኛውን አይቀጣም።

በቁጥር እንየው። ከ100 መልዕክት 25 የጣለ ሁሉ «አጥፊ» ይባል እንበል። በሜዳ ላይ ያለ ስልክ በተፈጥሮ የሚጠፋበት 10 ቢሆን፣ በጫካ ውስጥ ያለው ደግሞ 40 ቢሆን፣ ሁለተኛው ምንም ሳያጠፋ ዕለት ዕለት ይፈረድበታል።

እኛ በየቀኑ የምንጠቀምበት ኔትወርክ በታወር የሚሠራ ስለሆነ ይህ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። አጥፊን በጠባዩ የመለየቱ ሥራ ግን እኛም ዘንድ አለ፤ ስሙ ሲም ቦክስ ነው። ከውጭ አገር የመጣን ጥሪ በኢንተርኔት አሳልፎ በብዙ ሲም ካርዶች የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ ማስገባት ማለት ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 እንዲህ ያለውን ድርጊት በወንጀል ያስቀጣል። መታወቂያ ምልክቶቹ በሙያው የታወቁ ናቸው፤ ብዙ ይደውላል፣ ጥቂት ይደወልለታል፣ ከአንድ ታወር አይንቀሳቀስም።

አሁን በገጠር ያለ አንድ ባለሱቅ እናስብ። ስልኩን መንደርተኛው ሁሉ እየተዋሰ ይደውልበታል። ከታወሩ አይንቀሳቀስም፤ ሌላ ታወር በአቅራቢያው የለማ! በመዝገብ ላይ ሲታይ ከአጭበርባሪው በምን ይለያል?

የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ተፈታሹም እንደሚያስብ ያስታውሳል። አጭበርባሪው ምልክቶቹን ካወቀ ሲሞቹን ያፈራርቃል፣ እርስ በርስ ያደዋውላል፣ ከቦታ ቦታ የሚዞር ያስመስላል። ባለሱቁ ግን ደንብ መኖሩንም አያውቅ። መስፈርቱ አንድ ወጥ ሆኖ በቆየ ቁጥር ብልጡ እያመለጠ የዋሁ በወንፊቱ ላይ ይቀራል።

የስህተቱ ዋጋም እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ሲሙ የተዘጋበት ሰው ታክሲ ይዞ አገልግሎት ማዕከል ይሄዳል። የጎደሬ ወይም የመንገሽ ወረዳ ገበሬ የሥራ ቀን ይቃጠልበታል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የስልክ ቁጥር የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል፤ የቡና ሽያጭ ገንዘቡን በስልኩ ያስቀመጠ ሰው መስመሩ ሲዘጋ የሚገጥመው ችግር ከመደወል ያለፈ ነው።

ከመዝጋት በፊት በአጭር መልዕክት ማስጠንቀቅ፣ መስፈርቱን እንደየአካባቢው የኔትወርክ ሁኔታ መለያየት፣ የሙከራ ጥሪ ማድረግ ከባድ ሥራዎች አይደሉም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ገበያውን ከተቀላቀለ በኋላ ጉዳዩ የኢትዮ ቴሌኮም ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሁለቱንም ሊጠይቃቸው የሚገባው ስንት ሲም እንደዘጉ ብቻ ሳይሆን፣ ከተዘጉት ስንቱ በስህተት እንደነበረና እነዚያም በየትኞቹ ዞኖች እንደሚገኙ ነው።