ስለሚታተም ልብና ስለ ልጆች ጉሮሮ

በ2011 ዓ.ም. የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሰው ስብ የተገኘ ሕዋስ እንደ ቀለም ተጠቅመው፥ የደም ሥር ያለውና የጥንቸል ልብ የሚያህል ልብ በማተሚያ መኪና ሠሩ። የደም ሥር የሌለው ወፍራም ሥጋ መካከሉ ምግብና አየር አጥቶ ይሞታልና፥ የሥራው ጭንቅ ሁሉ በዚሁ ላይ ነው። የታተመው ሥጋ ይኰማተር ነበር እንጂ ደም ለመርጨት አልበቃም።

ጥበቡ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚያበላሸው፥ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች የሚያጠፋው የሩማቲክ በሽታ ነው፤ ርካሹ ፔኒሲሊን በጊዜው ቢሰጥ ይከለክለዋል። ስለዚህ የድሬዳዋ ወላጆች ጉሮሮው የታመመውን ልጅ «ይተወዋል» ብለው ቤት ሳያቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የከተማው ጤና ቢሮም መድኃኒቱ እንዳይታጣ ይጠብቅ። ልቡ ከተጐዳ በኋላ የሚቀረው ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ የቀዶ ሕክምና ተራ መጠበቅ ነውና።