የሴፍቲኔት ሥራን ለምትቆጣጠሩ ሁሉ፦ ከፋይሉ በፊት የክፍያውን ቀን ጠይቁ

ለተከበራችሁ የሴፍቲኔት አስተባባሪዎችና ሱፐርቫይዘሮች፣

ይህን የምጽፈው ከራያ፣ ከዋጃ ነው። በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት በእናንተ ሥር ሠርቻለሁ፤ ፕሮግራሙን እወደዋለሁ፣ ዛሬም እከራከርለታለሁ። የወረዳውንም የኃላፊውንም ስም አልጠራም። የማወራው ስለ ማን እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሠራሩም የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም።

ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ሰሞን የወጣችሁት ሱፐርቪዥን ነው። መኪናችሁ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆመ። ቼክ ሊስታችሁን ይዛችሁ የተፋሰሱ ካርታ ተለጥፏል ወይ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል ወይ፣ የተጠቃሚው ስም ዝርዝር በፋይል ተይዟል ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁ። መዝገቡ ላይ «አፈጻጸሙ አበረታች ነው» ብላችሁ ፈርማችሁ ወጣችሁ። በዚያው ሰዓት ከቢሮው ጀርባ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ እርከን ሲሠሩና ክትር ሲክቡ የከረሙ ሰዎች ክፍያቸውን ይጠባበቁ ነበር። አንዲት እናት የተጠቃሚነት ካርዳቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። የሥራው ቀን የተሞላበት ረድፍ ሙሉ ነው፤ የክፍያው ረድፍ ባዶ። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የመጡት ለእኛ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ያን ካርድ አንዳችሁም አላያችሁትም።

የሠራችሁትን አልክድም። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በየዓመቱ እህል ለመለመን እጅ መዘርጋት ይቅር፣ ድጋፉ አስቀድሞ በዕቅድ ይያዝ የተባለው ትልቅ ለውጥ ነበር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ይህን አቅልሎ አያየውም። በእርከን የተያዙት ተራሮቻችንም ምስክር ናቸው። በጥቅምት 2013 አንበጣው የራያ ቆቦን ማሽላና ጤፍ ሲያወድም፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ፣ የተጠቃሚ ዝርዝር ደብቀው ያተረፉ፣ በእግራቸው ቀበሌ ለቀበሌ የዞሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ምስጋናዬ ለእነሱ ነው፤ እናንተም ድርሻ አላችሁ።

ከዚህ በኋላ ግን የማነሳው አንድ ነገር ነው፤ እሱም መዘግየት ነው። በትክክል ለመናገር፣ መዘግየትን የማይጠይቅ ቁጥጥር ነው።

ሕጉን እናንተው አስተምራችሁናል። አንድ የቤተሰብ አባል በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰብለታል። ክፍያው በእህል ሲሆን በቀን ሦስት ኪሎ፣ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤት 75 ኪሎ ያገኛል ማለት ነው። በጥሬ ገንዘብ ሲሆን በ1997 በቀን 6 ብር ነበር፤ በ2000 ወደ 8 ብር ከፍ አለ፤ ከዚያም በየጊዜው ተሻሻለ። ስለ መጠኑ ብዙ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ መጠኑ አልከራከርም። ትንሹም ቢሆን በወሩ ቢደርስ ቤት ያቆማል።

ለቤተሰቡ የፕሮግራሙ ዓላማ ሁለት ነገር ነው፦ የቤተሰቡን የምግብ ክፍተት መሙላትና ጥሪቱ እንዳይሸጥ መጠበቅ። የመጋቢት ክፍያ ሰኔ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ፈርሰዋል። አባወራው በሚያዝያ ፍየሉን ሸጧል፤ የሚሸጥ የሌለው ደግሞ ከነጋዴ ተበድሮ፣ ማሽላው ሲደርስ በነጋዴው ዋጋ ሊከፍል ተስማምቷል። በኋላ የሚመጣው ገንዘብ የሚገባው ወደ ሕፃናቱ ጉሮሮ ሳይሆን ወደ አበዳሪው ኪስ ነው። እናንተ ዘንድ ግን ሪፖርቱ «ክፍያው መቶ በመቶ ተፈጽሟል» ይላል። ገንዘቡ ወጥቷልና ሐሰት አይደለም። ቀኑ የለበትምና እውነትም አይደለም።

መዘግየቱ የት እንደሚጀምር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አቴንዳንሱን የሥራ ቡድን መሪው ይሞላል፤ የልማት ሠራተኛው አጣርቶ ወደ ወረዳ ይልካል፤ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይገባና ፔይሮል ይሠራል፤ ፋይናንስ ያየዋል፤ ከዚያ ለከፋዩ ይተላለፋል። የአንድ አባወራ የቤተሰብ ብዛት በካርዱ ላይ አምስት፣ በፔይሮሉ ላይ ስድስት ሆኖ ቢገኝ የቀበሌው ወረቀት በሙሉ ይመለሳል። የአንዱን ስህተት ለይቶ ሌላውን መክፈል እየተቻለ፣ መቶ ቤት ለአንድ መስመር ሲባል ይጠብቃል። የልማት ሠራተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ያርማል፣ መልሶ ይልካል፤ በመካከሉ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ መረጃ የሚያስገባው ልጅ ለሌላ ሥራ ተጠርቷል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ጋ ሲጠየቅ «እኛ ጨርሰን ልከናል» ይባላል።

ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር። ወረቀቱ በየትኛው ጠረጴዛ ስንት ቀን ተኛ ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ነበር የሚያስፈልገን። እናንተ ግን የምትወጡት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሲመሽ ስልክ ትደውላላችሁ፤ «የወሩን ሪፖርት አሁኑኑ ላክ» ትላላችሁ። «ክፍያው ደረሰ?» የሚል ስልክ ከእናንተ መጥቶልኝ አያውቅም። ሪፖርቱ ካልደረሰ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ክፍያው ካልደረሰ የሚጠየቅ የለም። ሠራተኛም የሚሮጠው ወደሚጠየቅበት ነው፤ ወጣቱ ባለሙያ ከማሳውና ከሰዉ ይልቅ ፎርሙን ቢፈራ አልፈርድበትም። ፍርሃቱን ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ።

«የበጀቱ መለቀቅ ከእጃችን ውጭ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፌዴራል የዘገየውን ወረዳ አያፋጥነውም። ነገር ግን ገንዘቡ ወረዳ ገብቶ ፔይሮል ባለማለቁ የቆየበትን ጊዜ በምን ትመልሱታላችሁ? ሁለቱን መዘግየት ለይታችሁ ካልመዘገባችሁ፣ የራሳችሁን ጥፋት በሌላው ጥፋት ስትሸፍኑ ትኖራላችሁ።

ቀን መቁጠር እንደሚቻል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ሥራ ያጣ ሰው በ1935 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተመሠረተ መድን አለው። ክፍለ ግዛቶች ያስተዳድሩታል፤ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ይቆጣጠራቸዋል። ቁጥጥሩ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ቀን ነው፦ ከመጀመሪያ ክፍያዎች ውስጥ ቢያንስ 87 በመቶው በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ለባለጉዳዩ መድረስ አለበት። ከውሳኔዎችም ናሙና እየተመዘዘ ጉዳዩ በአግባቡ መጣራቱ ይመረመራል። እዚያም ክፍያ ይዘገያል፤ ኮሮና በመጣ ጊዜ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ለሳምንታት አስጠብቀዋል። ግን መዘግየቱ ተቆጥሮ ስለሚታወቅ ኃላፊው ይጠየቅበታል። እኛ ዘንድ የሥራ አጥነት መድን የለም። በበጋ ሥራ ለሌለው፣ ዝናብ ላጠረበት የራያ ገበሬ መድኑ ይኸው ሴፍቲኔት ነው። የእሱን ቀን ለመቁጠር የሚከለክላችሁ ምንድን ነው?

ነገሩ ከእናንተም ይሰፋል። በዚህ አገር ስለ ድሃ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ ወደ ላይ ያያል እንጂ ወደ ታች አያይም። «ምረቃ»፣ ማለትም ከፕሮግራሙ መውጣት፣ በኮታ በወረደበት ዘመን ስንት ያልጠገበ ቤት ተመርቋል ተብሎ ከመዝገብ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። የፕሮግራሙ ምዕራፍ በተለወጠ ቁጥር ፎርም ይለወጣል፣ ሥልጠና ይጠራል፣ አበል ይከፈላል። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ግን የሚታወቀው በቃለ ጉባኤው ነው። የከተማውም ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም፦ ከሥራ ሲቀነስ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሚከፍለው የሥራ ስንብት ነው፤ አሠሪው ካልከፈለ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ጠባቂው ሁሉ ወረቀት ሲጠብቅ ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል።

የምጠይቃችሁ አዲስ በጀት የሚሻ አይደለም። አንደኛ፣ አቴንዳንሱ ከቀበሌ ከወጣ ጀምሮ በየጠረጴዛው የገባበትና የወጣበት ቀን በሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ስህተት የተገኘበት ቤት ለብቻው ይለይ፣ የቀረው ይከፈል። ሦስተኛ፣ ሱፐርቪዥን ስትወጡ ከቢሮው በፊት ወደ መንደሩ ግቡ፤ ከዝርዝሩ እናንተ የመረጣችኋቸውን አሥር ቤቶች አንኳኩና ካርዳቸውን አይታችሁ መጨረሻ የተከፈላቸው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። አራተኛ፣ የእናንተም የሥራ አፈጻጸም ውጤት በላካችሁት ሪፖርት ብዛት ሳይሆን ክፍያው በደረሰበት ቀን ይመዘን። በዚህ ሚዛን የምትወድቁ ከሆነ ውደቁ፤ የወደቃችሁበት ሲታወቅ ይስተካከላል።

የሚቀጥለው ወር የክፍያ ቀን ተቆርጦ በየቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ቀኑ ካለፈ፣ ለምን እንዳለፈና በማን ጠረጴዛ እንደቆየ ከሥሩ ይጻፍ። ይህን ያደረጋችሁ ዕለት ከጎናችሁ ቆሜ ስለ ሥራችሁ የምመሰክረው እኔ ነኝ። እስከዚያው ግን «አበረታች ነው» ብላችሁ አትፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ዋጃ