ጥሬ ምግብ፦ የጎደለን ማሽን አይደለም

እህቶች፣ ስለ ጥሬ ምግብ ቲክቶክ ላይ የምናየው ነገር አብዛኛው የሚጀምረው በማሽን ነው፤ ብሌንደር፣ ጁስ መጭመቂያ፣ ማድረቂያ። ያየችው እህት "ይሄ ለማዳሞች እንጂ ለእኔ አይደለም" ብላ ብታልፈው አልፈርድባትም። እኔ ግን ስዌፍየህ ውስጥ በሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ የእህቶችን ጥያቄ እሰማለሁ። አቋሜ ይሄ ነው፦ ጥሬ አትክልት ለመብላት ማሽን አልጎደለንም። የጎደለን ንጹሕ ውኃና የምግብ መብታችንን ማወቅ ነው።

እዚህ አማን በየቤቱ የምንሠራው ታቡሌ እኮ እሳት አይነካውም። በቅዱኒስ፣ ናዕናዕ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ዘይትና በውኃ የራሰ ቡርጉል ነው። ቢላዋና መክተፊያ ይበቃል፤ እንዲያውም ማሽን ቅጠሉን ያላቁጠዋል። ለፆም ደግሞ ድፍን ምስር (ክኩ አይሆንም) አብቅዪ። ማታ ንፁህ የጃም ጠርሙስ ውስጥ ዘፍዝፊ፣ ጠዋት አጥልዪ፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኚ፣ ጠዋትና ማታ እጠቢው። በሁለት ሦስት ቀን ይበቅላል። ሎሚ ጨምቂበት፤ ሎሚ በምስር ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነታችን እንዲወስድ ይረዳል። ሻዩን ግን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆይተሽ ጠጪ፣ ሻይ አይረኑን ይይዘዋል።

ትልቁ ጉዳይ ውኃው ነው። አማን ውስጥ ብዙ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ገደማ ነው፤ ከዚያ ጣራ ላይ ባለ ታንከር ይቀመጣል። ስለዚህ አትክልቱን በቧንቧ ውኃ እያሸሽ ካጠብሽ በኋላ መጨረሻ ላይ በሚጠጣ ውኃ፣ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አለቅልቂው። የቤት ማጽጃ ክሎር አትክልት ላይ አታድርጊ። ክሎርና ኮምጣጤ ደግሞ ፈጽሞ አታገናኚ፤ ሲደባለቁ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያ ሳታጥቢ ሰላጣ አትክተፊበት። የተከተፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዪ፤ በበጋ ሙቀት ከዚያም ያነሰ።

ጥሬ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ይመርዛል፤ በደንብ መፍላት አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ከታመምሽ የበቀለውን ምስር ቀቅለሽ ብዪ። ጥሬ ሥጋ ከነኮሶው እንደሚመጣ ደግሞ ከሀገር ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ዋናው። ሰላጣ ብቻውን ቀኑን ሙሉ ለምትሠራ ሰው ምግብ አይሆንም። "አትክልት ትወዳለች" ተብሎ ቲማቲምና የአደረ ኹብዝ ብቻ የሚሰጣት እህት ጤና እየበላች ሳይሆን እየተራበች ነው። ዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞችን በሠራተኛ ሕጓ ያካተተችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 90 ደግሞ ምግብ፣ ተስማሚ መኝታና ሕክምና የአሠሪው ግዴታ እንደሆኑ ይደነግጋል። ምግብ ችሮታ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ማዳምሽን "አና ሳይሜ" ስትያት የምትረዳው እንደ ረመዳን ነው፤ እስከ ማታ ምንም አትበላም ብላ ታስባለች። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን በዚህ አለመግባባት ብቻ የሚራቡ አሉ። እንዲህ በያት፦ "ቢዱን ለህሜ፣ ቢዱን ቤድ፣ ቢዱን ሐሊብ"። ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ከዚያ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝና አትክልት ጠይቂ። ገና ሥራ ስትጀምሪ ብትነግሪያት ይሻላል።

ተናግረሽ ካልሰማችሽ ዝም አትበዪ። ምን እንደተሰጠሽ ቀኑን እየጻፍሽ ያዥ። ለሥራ ሚኒስቴር ማመልከት ትችያለሽ፤ አማን ያለው ታምኪንም ለስደተኛ ሠራተኞች የሕግ እርዳታ ይሰጣል። ቢላዋና ጠርሙስ ካለን ሰላጣው ቀላል ነው። ሳህኑ እንዲሞላ ግን አፋችንን መክፈት አለብን።